የተተከለ ኩላሊትና የሚኖርበት ሰፈር፦ ከካዛንቺስ ታሪክ አንጻር

የኩላሊት ንቅለ ተከላ፣ ማለትም ከአንድ ጤነኛ ሰው የተወሰደን ኩላሊት የራሱ ኩላሊቶች በደከሙበት ሰው ሰውነት ውስጥ አስቀምጦ ከደም ሥሮቹና ከፊኛው ጋር የማገናኘት ሕክምና፣ በሕዝብ ዘንድ የቀዶ ሐኪሙ ጥበብ ተደርጎ ይታያል። ቀዶ ሕክምናው ግን በጥቂት ሰዓታት የሚያልቅ ሥራ ሲሆን፣ የተተከለው ኩላሊት ለዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲያገለግል ይጠበቃል፤ ያንን ሁሉ ዘመን የሚያሳልፈውም ታማሚው በሚተኛበት ክፍል፣ በሚጠጣው ውሃ፣ ወደ ሐኪም በሚመላለስበት መንገድና በክፉ ቀን በሚደርሱለት ጎረቤቶች መካከል ነው። የንቅለ ተከላ ውጤት ከሆስፒታሉ በር ውጭ ባለው ኑሮ የሚወሰን ከሆነ ደግሞ፣ ታሪኩ ከሆስፒታሎች ታሪክ ብቻ ሳይሆን ከሰፈሮችም ታሪክ ሊጠና ይገባዋል። በመካከለኛው አዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ካዛንቺስ ለእንዲህ ያለው ጥናት የምትመች ናት፤ ባለፉት ዘጠና ዓመታት ያየቻቸው የቤት፣ የሕግና የጤና ለውጦች አንድ የኩላሊት ሕመምተኛ በሚኖርበት ዕድሜ ላይ ምልክታቸውን ትተዋልና።

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት አሕጽሮት ነው፤ ‹ካዜ ኢንቺስ›፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች የሚለው የጣሊያንኛ አጠራር በከተማው ሕዝብ አንደበት ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ከነጻነት በኋላ በእነዚያ ቤቶች ዙሪያና በየጓሮው የጭቃ ቤቶች ተሠሩ፤ በሆቴል፣ በቡና ቤት፣ በቢሮና በጉልት ንግድ የሚተዳደረው ሕዝብም ሰፈረባቸው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ከወጣ በኋላ አብዛኞቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። ኪራያቸው እጅግ ዝቅተኛ ስለነበረ ድኻውን ከመሀል ከተማ ሳይነቅሉ አኖሩት፤ በዚያው መጠን ግን ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ስላልነበረ ግድግዳቸው ተቦረቦረ፣ ቆርቆሯቸው ዛገ፣ መጸዳጃውና ማድ ቤቱም የብዙ አባወራዎች የጋራ ሆኖ ቀጠለ። በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ክፍል፣ በአንዱ ወገን አልጋ፣ በሌላው ወገን ከሰልና ጀበና፣ በር ላይ ደግሞ የውሃ ጀሪካኖች ተደርድረው መታየታቸው የዚህ ኑሮ የታወቀ መልክ ነበር። መሀል ከተማ መኖር ለሐኪም ቤት መቅረብ ነው፤ ተጨናንቆ መኖር ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳና ለተበከለ ውሃ መጋለጥ ነው። የካዛንቺስ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ኖሯል።

የኩላሊት ሕክምና በዓለም የተወለደው ይህ ሰፈር መልኩን በሚይዝበት ዘመን ነበር። የሆላንዱ ሐኪም ቪለም ኮልፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ ደምን ከሰውነት ውጭ አውጥቶ የሚያጣራ መሣሪያ ሠራ፤ ይህ በአማርኛ ‹የኩላሊት እጥበት› የሚባለው ሕክምና መነሻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ደግሞ ጆሴፍ መሬይና ባልደረቦቹ በቦስተን ከአንድ መንትያ ወደ ሌላው ኩላሊት በማዛወር የመጀመሪያውን የተሳካ ንቅለ ተከላ አከናወኑ፤ ተቀባዩም ስምንት ዓመት ተጨማሪ ዕድሜ አገኘ። መንትዮቹ የተመረጡት በምክንያት ነበር፤ የሰው ሰውነት ከሌላ ሰው የመጣን አካል እንደ ጠላት ቆጥሮ ስለሚያጠቃው፣ ያን ጊዜ ይህን ጥቃት የሚገታ አስተማማኝ መድኃኒት አልነበረም። ከተመሳሳይ መንትዮች ውጭ ንቅለ ተከላን በስፋት እንዲቻል ያደረጉት ኋላ የመጡት መድኃኒቶች፣ በተለይም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ሳይክሎስፖሪንና ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ታክሮሊመስ ናቸው።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ሕክምና ሐኪሞቹ ከመጀመራቸው ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቀድሞ አስቦበታል። ከቦስተኑ ቀዶ ሕክምና ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሰው በሕይወት ሳለ አካሉን ወይም ከአካሉ ክፍል ለሌላ የሚሰጥበት ውል በአካሉ ሙሉነት ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ፣ በሕክምና ሥርዐት ካልተደገፈ በቀር እንደማይጸና ደነገገ፤ የተስማማው ሰውም ቃሉን በማናቸውም ጊዜ ማንሣት እንደሚችል ጨመረ። በቀጣዩ ዓመት ከካዛንቺስ አጠገብ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበትም ይኸው አዳራሽ ነው። ሕጉም ሕንፃውም ከአገሩ የዕለት ኑሮ ቀድመው የሄዱ የአንድ ዘመን ምኞቶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ በሰፈሩ ኩላሊቱ የደከመ ሰው የሚጠብቀው ዕጣ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ፊቱና እግሩ አብጦ፣ ምግብ አልወርድ ብሎት፣ ትንፋሽ አጥሮት ያርፋል፤ በብዙ ቤት የሕመሙ ስም እንኳ ሳይታወቅ ይቀበራል።

የኩላሊት እጥበት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን፣ ያገለግል የነበረውም ኩላሊታቸው በድንገት ለደከመና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሊያገግም ለሚችል ሕሙማን ነበር። ዕድሜ ልክ ለሚታጠቡት በሩ የተከፈተው በ1990ዎቹ፣ ያውም በግል ሆስፒታል ነው፤ መክፈል የቻለ ብቻ የሚገባበት በር ማለት ነው። የመንግሥት ሆስፒታሎች ወደዚህ አገልግሎት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ከእነዚህም መካከል በቂርቆስ የሚገኘው፣ በአድቬንቲስት ሚስዮን ተመሥርቶ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ስም የተሰየመውና በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት የተዛወረው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ለካዛንቺስ ሰው በታክሲ አጭር መንገድ ነበር።

እጥበት ምን እንደሚጠይቅ በቅርብ ማየት የሰፈርና የሕክምና ዝምድና የት ላይ እንደሚጀምር ያሳያል። ታማሚው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ከመሣሪያው ጋር መያያዝ ይኖርበታል፤ በአዲስ አበባ ግን በገንዘብ እጥረት ምክንያት ሁለቴ ብቻ የሚታጠቡት ብዙዎች ናቸው። ለአንድ ጊዜ እጥበት 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ያልፋል፤ ይህ በቢጫ ጀሪካን ቢለካ ስድስት ጀሪካን የሚሞላ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ አንድ ቤተሰብ ለቀናት የሚቆጥበውን ውሃ አንድ ታማሚ በአንድ ጠዋት ይፈልጋል ማለት ነው። የደከመ ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያዘውን ንጥረ ነገር ስለማያመነጭ ታማሚው ደም ያንሰዋል፤ ይህን የሚተካው መርፌ ውድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ደም ይሰጠዋል። እያንዳንዱ የተለገሰ ደም ሕይወትን ያቆያል፤ ዳሩ ግን የተቀባዩ ሰውነት የሌሎችን ሰዎች ሕዋሳት እየለየ የሚዋጋ ፀረ አካል እንዲያበጅ ሊያደርገው ስለሚችል፣ በኋላ የሚስማማ ኩላሊት ማግኘት ይከብደዋል። እንግዲህ የመርፌው ዋጋና የቤቱ ገቢ፣ ገና ለጋሽ ሳይገኝ፣ ወደፊት የሚተከለውን ኩላሊት ዕድል መወሰን ይጀምራሉ።

በአገር ውስጥ ንቅለ ተከላ ባልነበረበት ዘመን መውጫው ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድና ወደ ሌሎች አገሮች መሄድ ነበር። ከዚህም አንድ የአዲስ አበባ ልማድ ተወለደ፤ የታማሚው ፎቶግራፍ፣ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃና የባንክ ሒሳብ ቁጥር በትልቅ ባነር ላይ ታትሞ በፒክአፕ መኪና ጎን ይወጠራል፤ በድምፅ ማጉያ መዝሙር ወይም መንዙማ ይለቀቃል፤ ወጣቶችም ‹ወገን ድረሱልን› እያሉ ሣጥን ይዘው በመኪኖች መካከል ይሄዳሉ። ሳንቲም ያልያዘ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ‹እግዜር ይማርህ› ብሎ ያልፋል። ይህ ልማድ ከየትም የመጣ አይደለም። ዕድር፣ ማለትም አባላቱ በየወሩ እያዋጡ ለለቅሶና ለቀብር የሚረዳዱበት ማኅበር፣ ለሞት የሠራውን ሥርዐት ለሕይወት የማዋል ሙከራ ነው። ዕድር ድንኳንና ንፍሮ ያውቃል፤ መሪዎቹም ቤት ለቤት ያለውን ችግር ያውቃሉ። ሰው ከሞተ በኋላ የሚከፈለው ገንዘብ ከመሞቱ በፊት ቢከፈል ይሻላል የሚለው ክርክር በኤችአይቪ ዘመን በየዕድሩ ጉባኤ ተነሥቶ ብዙ ዕድሮች ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መርዳት ዞረዋል። የኩላሊት ሕመም ግን ከዕድር አቅም በላይ ነበር፤ ስለዚህ ልመናው ከሰፈር ወጥቶ ጎዳና ላይ ዋለ። ገንዘቡ ተሟልቶ ታክመው የተመለሱትም ቢሆኑ ከዚያ ወዲህ የሚያስፈልጋቸውን የዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚሰበስብላቸው መኪና አልነበረም። ለአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ልቡ የተነካ ሕዝብ ለዐሥር ዓመት ክኒን ሣጥን ይዞ ሊዞር አይችልም።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማእከል ሥራ አስጀመረ። ሆስፒታሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ለድኾች መታከሚያ እንዲሆን የተቋቋመ መሆኑ ለዚህ ታሪክ ተገቢ ነው። ኩላሊቱ የሚገኘው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው፤ ከሞተ ሰው ወስዶ መትከል ሌላ ሥርዐት ይጠይቃል። እናት ለልጅ፣ ወንድም ለእኅት ይሰጣል ማለት ደግሞ ለጋሹም ተቀባዩም ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ማዕድ፣ ከአንድ ቧንቧ ይመጣሉ ማለት ነው። ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ በ2007 ዓ.ም. አካባቢ የተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። የደም ግፊት ኩላሊትን በዝምታ የሚያደክም ሕመም ከመሆኑም በላይ፣ ሳይታወቅ የቆየበትን ሰው ከለጋሽነት ይከለክለዋል። ኩላሊቷን ልትሰጥ ቆርጣ የመጣች እናት፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የደም ግፊቷን በምትለካበት ቀን መስጠት እንደማትችል ብትሰማ፣ የተሸነፈችው በቀዶ ሕክምናው አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በፊት በጤና ጣቢያ ክንዷን ይዞ የለካት ሰው ባለመኖሩ ነው።

ይህ ዝምድና የድኻ አገር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከአሜሪካ የተገኘ ጥናት ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ይህ ጥናት የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን ሰዎች በሚኖሩበት አውራጃ የጤና ሁኔታ እየመደበ ሲያነጻጽር፣ አጠቃላይ የሕዝቡ ጤና በደከመባቸው አውራጃዎች የሚኖሩት ከንቅለ ተከላው በኋላ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ላለው ልዩነት ምክንያቱ በደም የሚወረስ ነው የሚል መልስ ይሰጣል፤ ይህም ፍጹም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በምዕራብ አፍሪካ የእንቅልፍ በሽታን ለመከላከል የጠቀመ፣ አፖል-ዋን በሚባለው ዘረመል ላይ የተከሰተ ለውጥ፣ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ለኩላሊት ሕመም ያጋልጣል፤ ያንን ለውጥ ከተሸከመ ለጋሽ የተወሰደ ኩላሊትም ቶሎ ሊደክም ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ፣ በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ይህ ለውጥ በተመረመሩት ዘንድ እንደሌለ አሳይቷል። የዚህ ግኝት ክብደት በአገራችን ገና በሚገባ አልተጤነም። በኢትዮጵያ ውስጥ የተተከለ ኩላሊት ቶሎ ቢደክም፣ ቢያንስ ይህን አንዱን ምክንያት ወደ ደም መግፋት አይቻልም፤ ጠያቂው ወደ ቤቱ፣ ወደ ውሃውና ወደ መድኃኒት ቤቱ እንዲመለስ ይገደዳል።

ወደ ቤቱ የተመለሰ ጠያቂ መጀመሪያ የሚያገኘው ተላላፊ በሽታን ነው። የተተከለውን ኩላሊት ከጥቃት የሚጠብቁት መድኃኒቶች የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚቀንሱ፣ በሰፈሩ ውስጥ የኖረ ተሕዋስ ሁሉ አጋጣሚ ያገኛል። በልጅነት በአንዲት የቀበሌ ቤት ክፍል ከሚያስል ዘመድ የተወሰደና ለዓመታት በሳንባ ውስጥ የተኛ የነቀርሳ ባክቴሪያ ሊነሣ ይችላል። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው፣ ማለትም ዛሬ ለንቅለ ተከላ ዕድሜ የደረሰው ትውልድ ያለዚህ ከለላ ያደገ ነው። በባዶ እግር በሄዱበት አፈር በኩል ገብቶ በአንጀት ውስጥ ሳይታወቅ ለአሥርት ዓመታት የሚኖር ስትሮንጂሎይደስ የተባለ ደቃቅ ትል አለ፤ የመከላከል አቅም ሲገታ ያለልክ ተራብቶ ሊገድል ይችላል፤ አስቀድሞ በጥቂት ክኒን ግን ይጠፋል። ካዛንቺስ የምትታወቅበት ጥሬ ሥጋና ክትፎም በዚሁ ተራ ይገባል፤ በጥሬ ሥጋ የሚተላለፉ ተሕዋስያን ለጤነኛ ሰው ኮሶ የማሻር ያህል ጣጣ ሲሆኑ ለንቅለ ተከላ ተቀባይ ግን ከባድ አደጋ ናቸው። ጥሬ ሥጋ አለመብላት ቀላል ምክር ይመስላል፤ በክርስትና፣ በሠርግና በፋሲካ ‹በሞቴ› ተብሎ የቀረበን ጉርሻ መመለስ ግን ሰውን ከወገን መሀል ነጥሎ የሚያቆም ነገር ስለሆነ፣ ምክሩ ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለጋባዡም መድረስ ይኖርበታል።

ሁለተኛው መድኃኒትን ሳያቋርጡ የመውሰድ ጉዳይ ነው። ታክሮሊመስ በብዙዎች ዘንድ በየዐሥራ ሁለት ሰዓቱ ይወሰዳል፤ መጠኑም በደም ምርመራ እየታየ ይስተካከላል፤ ጥቂት ቀን የተዘለለ እንደሆነ ሰውነት ኩላሊቱን ማጥቃት ሊጀምር ይችላል። ቂርቆስ እንዲህ ያለውን ሥርዐት የተማረችው በሌላ በሽታ ነው። የዘውዲቱ ሆስፒታል የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን በመስጠት ከአገሪቱ ቀዳሚዎች አንዱ ነበር፤ መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰዓት ጠብቆ ክኒን መዋጥን፣ የቀጠሮ ካርድ መያዝንና ጎረቤትን አስታዋሽ ማድረግን ለመዱ። ያን ጊዜ ከተነሡት ፈተናዎች አንዱ በጸበል የሚታመኑ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ማቆማቸው ነበር። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር ስለሆኑ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ማስተማራቸው የብዙዎችን ሕይወት ያተረፈ ተግባር ነው። ለኩላሊት ሕመምተኛ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል፤ በእጥበት ላይ ያለ ሰው የሚጠጣው ውሃ የተመጠነ ስለሆነ ጸበልን በብዛት መጠጣት ልቡንና ሳንባውን ሊያጨናንቅ ይችላል፤ በጾም ሰዓትም የጠዋቱ ክኒን እንዳይቀር የንስሐ አባትና ሐኪም መነጋገር አለባቸው። በኡራኤልም ሆነ በቂርቆስ ደብር ያለ አንድ የንስሐ አባት በዚህ ረገድ የሚሰጠው ፈቃድ በሐኪም ማዘዣ ላይ ከተጻፈው ትእዛዝ ያላነሰ ኃይል አለው።

ሦስተኛው ርቀትና ዝምድና ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በገጠር ከተጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ከተማ ሲመጣ፣ ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ቤተሰቡን በስም የሚያውቁበት ዘመን ተከፈተ። ዕድሩም ከዚያ ቀድሞ ያውቃቸው ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ግን የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ፣ በከተማዋ ዳር ወደሚገኙ አዳዲስ መንደሮች ተዛወሩ። የራስ መጸዳጃ፣ የራስ ማድ ቤትና ከጎረቤት ሳል የሚለይ ግድግዳ ማግኘት ለንቅለ ተከላ ተቀባይ እንደ መድኃኒት የሚቆጠር ነው፤ ይህን መካድ ከእውነት መራቅ ይሆናል። በዚያው ልክ፣ በታክሲ ይደረስበት የነበረው ሆስፒታል ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው አውቶቡስ የሚጠብቁለት ሆነ፤ በእጥበት ቀን ልጅን የምትጠብቅ፣ ክኒኑን የምታስታውስ፣ ትኩሳት ሲነሣ መኪና የምትለምን ጎረቤትም ሌላ ብሎክ ወይም ሌላ መንደር ደረሳት። ከንቅለ ተከላ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት፣ ክትትሉ በተደጋጋሚ በሚሆንበት ጊዜ፣ የአንድ ቀን ትኩሳት በሰዓቱ መታየትና አለመታየት ኩላሊቱን ለማትረፍና ለማጣት ይበቃል።

በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የታማሚ ካርድ ላይ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር የሚሞላባቸው መስመሮች አሉ። አሜሪካኖቹ ተመራማሪዎች የሕዝብን ጤናና የንቅለ ተከላን ውጤት ለማገናኘት የተጠቀሙበት በመሠረቱ ይኸንኑ፣ የታማሚውን አድራሻ ነበር። በእኛም ዘንድ መስመሮቹ ለዓመታት በመዝገብ ሠራተኞች እጅ ተሞልተዋል፤ ከካዛንቺስ ለመጡት ሕሙማን ቂርቆስ የሚለው ቃልና ከሥሩ የአንዲት ቀበሌ ቤት ቁጥር ተጽፏል። ቤቲቱ ዛሬ የለችም፤ ካርዱ ግን በመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አለ፤ በዚያ ቁጥር ተመዝግቦ የታከመው ሰውም ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚመጣው ከሌላ የከተማዋ ጫፍ ነው።